በሐረር ግንብ ውስጥ ስላሉት ጥንታውያን ቤቶች
በመልካሳ ለተማሪዎችና ለመንደሩ ሰዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ ስለ ቤት ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ቤት ማለቴም የንጉሥ ግቢ ወይም የባለጸጋ አዳራሽ አይደለም፤ ሰው የሚተኛበት፣ እንግዳ የሚቀበልበት፣ ልጅ የሚዳርበት፣ ሬሳ የሚያወጣበት ቤት ነው። ይኸውም በሐረር ከተማ፣ ጀጎል በሚባለው ግንብ ውስጥ ያለው፣ የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው «ጌይ ጋር» የሚሉት፣ ትርጓሜውም «የከተማ ቤት» የሆነው ነው።

ከእናንተ መካከል «በመልካሳ ለተቀመጥን ሰዎች የሐረር ቤት ምን ይጠቅመናል» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ አገር ስም የተነሣበት «መልካ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በደጃችሁ የሚያልፈው አዋሽም ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ ይወርዳል፤ ነገር ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ፣ አቤ በሚባለው ሐይቅ ይቀራል። የሐረር ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ከተማዪቱ ባሕርን አታይም፤ የባሕሩ ሀብት ግን በግመል ተጭኖ ሽቅብ ይመጣላት ነበር። ስለዚህ የሐረርን ቤት ለማወቅ አስቀድሞ ስለ ባሕር ዳር ቤቶች ጥቂት መናገር ያሻል።

በቀይ ባሕር ላይ ያለችው የምጽዋ አሮጌ ከተማ በደሴት ላይ የተሠራች ናት። በ1549 ዓመተ ምሕረት ቱርኮች ያዟት፤ ኋላም ግብጾች ገቡባት፤ በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያኖች ወሰዷት። ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። የጥንት ቤቶቿ ድንጋይ ከተራራ የተፈለጠ አይደለም፤ ከባሕር ውስጥ የወጣ ነው። በባሕር ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ዐፅማቸውን በዐፅም ላይ እያከማቹ የሠሩት፣ ኮራል የሚባለው ድንጋይ ነው። መስኮቶቿ በጥልፍልፍ እንጨት የተከደኑ ስለ ሆኑ ነፋስ ያስገባሉ፤ የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ግን ያግዳሉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በወረደባት የቦምብ ድብደባ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ተጎዱ። በዚያው ባሕር ዳር በሱዳን አገር ሱዋኪን የምትባል ሌላ ከተማ ነበረች፤ እርስዋን ግን ጦርነት አላጠፋትም። በስተ ሰሜንዋ ፖርት ሱዳን የሚባል አዲስ ወደብ በተሠራ ጊዜ ነጋዴዎቹ ቤታቸውን ዘግተው ሄዱ። ኖራውን የሚያድስ ሰው በታጣ ጊዜ ጨውና እርጥበት ድንጋዩን በሉት፤ ፎቁም በምድር ቤቱ ላይ ወደቀ። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሐረር እንሂድ። ሐረር ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ቡናዋና ቆዳዋ፣ የዝሆን ጥርሷም በጊልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ የባሕር ማዶ ዕቃ ይመጣ ነበር። አሚሮቿ በስማቸው ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። ግንቡን የሠራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው አሚር ኑር ነው፤ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ በዛሬ አጠራር ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ለመኪና መግቢያ የሚሆነው ስድስተኛው በር የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ሌሊት ገብቶ የወደቀውን ጥራጊ በልቶ ይወጣል፤ ለመንገድ ጠራጊ የሚከፈል ደመወዝ በዚያ ዘመን በዚህ ይተካ ነበር ማለት ነው። ልጆች፣ አትሳቁ፤ ዛሬም ይገባል።

በግንቡ ውስጥ ያለው ምድር 48 ሄክታር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ምድር ላይ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች ተቆጥረዋል፤ የቀረው መኖሪያ ቤት፣ ገበያና መተላለፊያ ነው። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ አያሳልፍም። እንዲያውም ከሁሉ የጠበበውን የዕርቅ መንገድ ይሉታል፤ የተጣሉ ሰዎች በዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉምና። ሌላው ደግሞ የልብስ ሰፊዎች መንደር ነው፤ ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ተባለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የቤቱ ብልኀት ይጀምራል። መንገዱ ጠባብ፣ ጎረቤቱ ቅርብ፣ ሕዝቡ ብዙ ሲሆን ሰው እንዴት ተከባብሮ ይኖራል? የሐረር ሰዎች የሰጡት መልስ ቤትን ፊቱን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። በመንገድ የሚሄድ ሰው የሚያየው በኖራ የነጣ ግድግዳና አንድ የግቢ በር ብቻ ነው። በሩን አልፎ ወደ ግቢው ሲገባ ቤቶቹን ያገኛል፤ በአንድ ግቢም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተ ሰብ ይኖራል። ያለው ሰውና የሌለው ሰው ከመንገድ ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ በብዙ ከተማ ዞሬአለሁ፤ ባለጸጋው ሀብቱን ለመንገደኛ የማያሳይበት ከተማ ግን ብዙ አላየሁም።

ስለ ቤቱ ሥራ ልናገር። ግድግዳው በአካባቢው ከሚገኝ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ ይገነባል፤ ጣልቃ ጣልቃውንም እንጨት በአግድም ይገባበታል። ይህ እንጨት ግድግዳውን እንደ መቀነት አስሮ ይይዘዋል፤ ምድር ሲንቀጠቀጥም ሆነ ድንጋዩ ሲሰጥ እንዳይዘረጠጥ ያደርገዋል። ጣራው ጥንት ጠፍጣፋ ነበር፤ የጥድ ወራጅ ተደርድሮ በላዩ ጭራሮ ይነጠፋል፣ በዚያም ላይ አፈር ይደለደላል። ግድግዳው በውጭም በውስጥም በኖራ ይቀባል። ወለሉና መቀመጫው ግን በቀይ አፈር ይለቀለቃል። የአገሩ ሰዎች ይህ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎቻቸውን ደም ለማሰብ ነው ይላሉ። በዚያ ጦርነት አሚር አብዱላሂ በንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ድል ሆኖ ሐረር ተያዘች። እኔ ከወዲያኛው ወገን የተወለድሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የሰማሁትም በዚያው በቀዩ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው። የነገሩኝ ሰዎች ግን በቂም አልነገሩኝም፤ አንድ ሰው ስለ አያቱ ሞት እንደሚናገር አድርገው ነገሩኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር፣ ማለት ትልቁ ቤት ይባላል። በውስጡ ወንበርና አልጋ አልነበረም፤ ከግድግዳው ጋር አብረው የተሠሩ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። መደቡን «ነደባ» ይሉታል። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ወይም የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፤ ከዚያ ሁኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል፤ በአጠገቡም ጦር ይቆምበት ነበር። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ብዙው እንግዳ በርሱ ላይ ይቀመጣል። ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን ገለል ያለ መኝታ ነው። አምስተኛው ጌብቲ ኤሄር ነደባ ይባላል፤ ከበሩ ኋላ ማለት ነው፤ ታናናሾች የሚቀመጡበት ነው።

እኔ የቤተ ክህነት ተማሪ ነኝ። በእኛ ዘንድ ትምህርት ሁሉ በቤት ስም ይጠራል፤ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት እንላለን። ቤተ ክርስቲያናችንም ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ ሰውም እያንዳንዱ የት ሊቆም እንደሚገባው ሳይነገረው ያውቃል። ነገር ግን ይህን እያወቅሁ በሐረር የፈጸምሁትን ስሕተት ልንገራችሁ።

በ2004 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሁኜ ሳለሁ፣ የተጎዱ ቤቶችን ለመመዝገብ ወደ ሐረር ተላክሁ። ከገባሁባቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት አረጋዊት እናት ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እኔም መዝገቤን ታቅፌ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁና ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ምንጣፉም አምሮ ባየሁት መደብ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ ምንም አልተናገሩም። ውኃ አቀረቡልኝ። ሕፃናቱ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ የቤቱ አባወራ ገባና እጅ ነሥቶኝ በትንሹ መደብ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገባኝና ተነሣሁ። እናቲቱም «ተቀመጥ፣ ልጄ፤ እንግዳ አይነሣም። ቤቱ ቀስ ብሎ ያስተምርሃል» አሉኝ።

ቤቱም አስተማረኝ። በሰፊው መደብ በላይ ያለው ግድግዳ ሁሉ ጎድጓዳ መደርደሪያ ነው፤ «ጣቄት» ይሉታል። በአንዳንዱ ሳሕንና ብርጭቆ ይደረደርበታል፤ አራት ማዕዘን በሆነው ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቀመጡበታል። ግድግዳው በስፌትና በእንጨት ገበታ የተሸለመ ነው። እያንዳንዱ ስፌት ሴቶቹ በእጃቸው የሠሩት ነው፤ የማን እጅ እንደ ሆነ ይታወቃል። አፍላላ የሚባሉት ጥቁር የሸክላ ማሰሮዎች በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ክዳናቸው ስፌት ነው፤ የቤቲቱ እመቤት ጌጧንና ውድ ነገርዋን ታኖርባቸዋለች። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤት አለች ማለት ነው። አማላጅ የሚልክ ሰው አፍ ሳያስከፍት ይህን አይቶ ይመለሳል። በእኛ አገር ለዚህ ስንት ሽማግሌ እንደሚደክም እናንተ ታውቃላችሁ።

ከትልቁ ቤት አጠገብ ቂርጣት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ከተጋቡ በኋላ በዚያ ይከታሉ፤ ምግባቸውም በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። በላይ በኩል ደግሞ ቀላ የሚባል ሰቀላ አለ፤ ጥንት ዕቃ ማኖሪያ ነበር፤ ኋላ ግን በብዙ ቤት በእንጨት ተከልሎ መኖሪያ ሆነ። ምክንያቱም ሰው በዛ፤ ግንቡ ግን አይሰፋም።

ከጌይ ጋር ሌላ በጀጎል ውስጥ የሚታይ ዐይነት ቤት አለ፤ ይኸውም የሕንድ ቤት የሚባለው ነው። ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሩት፣ ባለ ፎቅና በእንጨት ሰገነት ያጌጠ ነው፤ እንደ ጌይ ጋር ፊቱን አይደብቅም፤ መንገዱን ቁልቁል ያያል። ሁለቱን ያዋሐዱ ቤቶችም አሉ። ከእነዚህ አንዱን እንግዶች ሁሉ «የሬምቦ ቤት» እያሉ ይጎበኙታል። አርተር ሬምቦ የተባለው የፈረንሳይ ባለ ቅኔ በሐረር ነግዶ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1883 ዓ.ም. ታሞ ሄደ፤ ይህ ቤት የተሠራውም ከርሱ በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ እንዲህ ያለ የቀን ስሕተት አያስተኛኝም፤ ቤቱ ግን የማንም ቢሆን ውብ ነው። ሌላው ደግሞ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ወይዘሮ መነንን ካገቡ በኋላ የጫጉላቸውን ጊዜ አሳለፉበት የሚባለው ቤት ነው። ዛሬ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በራሳቸው ድካም የሰበሰቧቸው የሐረር ቅርሶች፣ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍትና የጥንት ገንዘቦች በዚያ ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ ደስ የማይለውን ልናገር። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረር ግን በተራራ ላይ ስለ ሆነች ባቡሩ አልወጣላትም። የግመሉ ንግድ ቀረ። ትልልቆቹ ነጋዴዎችም ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ትርፍ የተባሉ የከተማ ቤቶች ለመንግሥት ሆኑ። በየከተማው ሁሉ እንደ ሆነው፣ ለብዙ ቤተ ሰብ የተከፋፈለ ቤት ሁሉም ያድርበታል፤ ማንም ግን አያድሰውም። ስለ ሱዋኪን የነገርኋችሁን አስታውሱ። ሐረር ግን እንደ ሱዋኪን አልፈረሰችም፤ ሰዎቿ አልተዉዋትምና። ምክንያቱን ስጠይቅ ስለ አፎቻ ነገሩኝ። አፎቻ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ሠርግና ሐዘን በሚመጣ ጊዜ ቤት ኖራ ተቀብቶ፣ መደቡ በቀይ አፈር ተለቅልቆ ሊገኝ ይገባል፤ አለዚያ ነውር ነው። ከበዓል በፊትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቤቱን ጠብቆ ያኖረው ዐዋጅ ወይም ዘበኛ አይደለም፤ እንግዳ ይመጣል የሚለው ሐሳብ ነው።

አሁን ወደዚያች እናት ቤት እመለሳለሁ። በመዝገቤ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ቅጽ ነበረ። ቅጹ ስሚንቶ በኩንታል፣ አሸዋ በሜትር ኩብ፣ ቆርቆሮ በቁጥር፣ ሚስማር በኪሎ የሚሉ መስመሮች ነበሩት። ኖራ፣ ጭድ፣ ቀይ አፈር የሚል መስመር ግን አልነበረበትም። እናቲቱ «ኖራና አፈር የምናመጣበትን ብትሰጡን ይበቃናል፤ አናጢም አለን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን መስመር ያልተሰጠውን ነገር እንዴት እጽፋለሁ? በኋላ ግድግዳው እርጥበት እንዳይገባው በስሚንቶ ይለሰን ብዬ ጻፍሁ። ጽሕፈቴ ያማረ ነበር፤ አለቃዬም አመሰገነኝ።

በ2007 ዓ.ም. በሌላ ጉዳይ ወደ ሐረር በሄድሁ ጊዜ ያን ቤት ልጠይቅ ገባሁ። መጻሕፍት የሚቀመጡበት የኋላው ግድግዳ ግማሹ ወድቆ ነበር። ሌሊት ነው የወደቀው፤ እግዚአብሔር ጠብቆ ልጆቹ በወዲያኛው መደብ ተኝተው ነበር። ምክንያቱን ያስረዳኝ አንድ አሮጌ አናጢ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከምድርም ከዝናብም ውኃ ይጠጣል፤ ይህን መከልከል አይቻልም። ኖራ ሲቀባ ውኃው በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ በበጋም ግድግዳው ይደርቃል። ስሚንቶ በተለሰነ ጊዜ ግን ውኃው መውጫ ያጣል። ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይርሳል፣ መቀነቱ እንጨት ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ይነፋል፤ በመጨረሻ ስሚንቱ እንደ ቅርፊት ቆሞ ሳለ ውስጡ ይናዳል። ከውጭ የሚያየው ሰው ቤቱ የጠነከረ ይመስለዋል።

እናቲቱ አልተቈጡኝም። «እናንተ መጽሐፍ የተማራችሁ ናችሁ፤ አፈርን ማን ያስተምራችሁ?» አሉ። እኔ በዚያ ቀን ከበሩ ኋላ በጌብቲ ኤሄር ነደባ ተቀመጥሁ፤ «ወደ ላይ ውጣ» ቢሉኝም አልወጣሁም። ከዚያም አናጢው ሲሠራ ሦስት ቀን ዋልሁ። ድንጋይ አቀበልሁ እንጂ ሌላ አልረዳሁትም፤ ነገር ግን ብዙ ጠየቅሁት። ጥድ ስለ ጠፋና ዋጋውም ስለ ተወደደ ለመቀነቱ ባሕር ዛፍ አገባ፤ «ዕድሜው አጭር ነው፤ ምን ላድርግ» አለ። ከርሱ ጋር የሚሠሩት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንድ ወጣት አልነበረም። ልጆቹ ሁሉ ብሎኬት መደርደር ተምረዋል፤ በብሎኬት ይበላል፤ በጭቃ ግን አይበላም። በጀጎል ውስጥ ዛሬ ከድንጋይ ይልቅ የጎደለው ይህ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው፤ ትልቅ ክብር ነው፤ እንግዳም ያመጣል። መዝገብ ግን ግድግዳ አይለስንም። መዝገብ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ይህን ማንም ሊከራከረኝ አይችልም።

ወደ መሥሪያ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ በቅጹ ላይ ሦስት መስመር እንዲጨመር በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ኖራ፣ ቀይ አፈር፣ የባለ ሙያ አናጢ ደመወዝ። መልስ ሳይመጣ ስድስት ወር ቆየ። ኋላ «ሌላ» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። እኔም ከዚያ ወዲህ በ«ሌላ» ሥር ያሰብሁትን ሁሉ አገባበታለሁ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ከመምህራችሁ ጋር ተነጋግረን አንድ ሥራ ልንሰጣችሁ ተስማምተናል። በመንደራችሁና በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ገና በእንጨትና በጭቃ የቆሙ የሣር ክዳን ቤቶች አሉ። ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱም ይጎድላሉ። እያንዳንዳችሁ አንድ ቤት ምረጡ፤ የአያታችሁ ቢሆን ይመረጣል። ባለቤቱን ፈቃድ ሳትጠይቁ አትግቡ፤ ገብታችሁም የት እንደምትቀመጡ ጠይቁ፤ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ። የቤቱን ስፋት በገመድ ለኩ፤ ገመዱንም በሜትር መለኪያ አስተካክሉ። ምሰሶው የምን እንጨት እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚለወጥ፣ ምርጊቱ ከየትኛው ጉድጓድ የወጣ አፈር እንደ ሆነ፣ ከምን ጋር እንደሚቦካና ስንት ቀን እንደሚሰነብት ጻፉ። ይህን ከአባቶች ይልቅ እናቶች ያውቁታል፤ እነርሱን ጠይቁ። እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ከብቱ የት እንደሚያድር፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ፣ ሽማግሌ የት፣ ሕፃን የት እንደሚቀመጥ በሥዕል አመልክቱ። የየክፍሉንና የየዕቃውን ስም ባለቤቲቱ በምትጠራበት ቋንቋ ጻፉት፤ ኦሮምኛም ቢሆን አማርኛም ቢሆን አትለውጡት። ቤቱን መጨረሻ የመረገው ሰው በሕይወት ካለ ስሙንና ዕድሜውን፣ ለማን እንዳስተማረም መዝግቡ። ለማንም አላስተማርሁም ካለ ያንኑ ጻፉ።

ደብተራችሁን ለመምህራችሁ ስጡ፤ እኔም ከፋሲካ በኋላ ስመለስ አንድ በአንድ አነባለሁ። ቅጽ አላመጣሁላችሁም፤ መስመሩን እናንተ አስምሩ።